በኮንዶሚኒየም ሰፈር የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፦ ከአምስተኛው ሳምንት እንዲያልፍ ምን ይደረግ?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ። የአዲስ አበባ ዳር የኮንዶሚኒየም ሳይቱ ይለያይ እንጂ ወሬው አንድ ነው። "የወጣቶች ጥናት ጀመርን። መጀመሪያ ቤቱ ሞላ። ወር ሳይሞላ አራት ልጅ ብቻ ቀረ። ከዚያ እኛም ተውነው።"

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በልጆቹ ይላከካል። ስልክ ላይ ተጥደው፣ ኳስ በልጦባቸው፣ ዓለም ወስዷቸው ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጆቹ የሚቀሩት ቡድኑ የእሁዱን ፕሮግራም ስለሚደግምባቸው ነው። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ከዚያ አንድ ሰው ሃምሳ ደቂቃ ይሰብካል። ልጁ አፉን የሚከፍተው "አሜን" ለማለት ብቻ ነው። ያንንማ እሁድ ብሎታል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከ15 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ለአሥር ሳምንት፣ ቤት ውስጥ ለሚደረግ ጥናት ነው። የተጻፈው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን አሠራር አስቦ ነው። በኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ከሆነ ስለ ጥያቄ አዘገጃጀትና ስለ ምስጢር ያለው ክፍል ይጠቅማችኋል። ፈቃዱና መዋቅሩ ግን የራሱ መንገድ አለው።

ደረጃ 1፦ ሁለት ሁኑ፣ ፈቃድ ያዙ

1. አንድ ወንድና አንዲት ሴት መሪ ይኑሩ። ብቻችሁን አትጀምሩ። አንዱ ሲታመም ወይም ሥራ ሲይዘው ቡድኑ አይዘጋም። ደግሞም ሴቶቹ ልጆች ለወንድ መሪ የማይናገሩት ነገር አለ።

2. ቤተ ክርስቲያናችሁን አስፈቅዱ። እዚህ ላይ የዳር ሰፈር ችግር አለ። ብዙ ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወጣ እንጂ አባልነቱ ያለው ድሮ ሰፈሩ ነው። እሁድ በሁለት ታክሲ ተሻግሮ ይሄዳል። ልጆቹ ደግሞ ከጊዜ በኋላ "ደክሞኛል" ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ ቡድናችሁ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሥር እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። የድሮው ይሁን ወይም በቅርብ ያለው፣ ሽማግሌዎቹ ወይም የወጣቶች አገልግሎት ኃላፊው ይወቁት።

3. አጭር ደብዳቤ ጠይቁ። የሁለታችሁ ስም፣ የጥናቱ ቀንና ሰዓት፣ የኃላፊው ስልክ ይኑርበት። ወላጅ "የማን ናችሁ?" ሲል የምታሳዩት እሱን ነው።

ፈቃዱ ከዘገየ፦ ሳትፈቀዱ አትጀምሩ። ሳምንቱን ለደረጃ 5 ዝግጅት ተጠቀሙበት።

ደረጃ 2፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቤት

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጀምሩ። መስከረም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት፣ ዩኒፎርም የሚሰፋበት፣ መስቀል የሚከበርበት ወር ነው፤ ማንም ልብ አይኖረውም። ከጥቅምት አጋማሽ ከተነሳችሁ አሥሩ ሳምንት ከገና በፊት ያልቃል፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተናም አይደርስባችሁም።

ቀኑ ቅዳሜ ይሁን፣ ከቀኑ 9፡00 እስከ 10፡15። ጠዋት ልብስ ይታጠባል፣ ቤት ይጸዳል፣ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚማርም አለ። ማታ ካደረጋችሁት ደግሞ የታክሲ ሰልፍና ጨለማ ይመጣል። በነዚህ ሳይቶች መብራት የሌለበት መንገድ ብዙ ነው። ሴት ልጅ ያላት እናት ከ12 ሰዓት በኋላ ካመሸባት ለሚቀጥለው ሳምንት አትልክም፤ ልክ ነች።

ቤቱን ስትመርጡ እነዚህን ተመልከቱ፦

• ቤተሰብ ያለበት ቤት ይሁን። የላጤ መሪ ቤት አይሁን፣ መሪው ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን።
• ብዙ ብሎክ ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ ከሆነ እግሩ የሚያስቸግረው ልጅ ካለ አስቡበት።
• ስቱዲዮ ለስምንት ሰው ይጠባል። ባለ ሁለት መኝታ ሳሎን ይበቃል፣ ዱካ ከጎረቤት ተበድራችሁ።
• የጋራ መገልገያ ሕንፃውን (ኮሙናሉን) መጠቀም ከፈለጋችሁ የነዋሪዎች ማኅበሩን ኮሚቴ አስፈቅዱ። ቅዳሜ ለቅሶ ወይም ድግስ ሊይዘው ስለሚችል ዘወትር ሁለተኛ ቤት ይኑራችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኪቦርድ፣ ስፒከር፣ ማይክ አታስገቡ። ግድግዳው ስስ ነው። ከግድግዳው ማዶ የሌሊት ተረኛ ጥበቃ ተኝቶ ይሆናል፣ ሕፃን ይሆናል፣ ሌላ እምነት ያለው ጎረቤት ይሆናል። አንድ ቀን የተነሳ ጠብ የአከራዩንም የአስተናጋጁንም ፊት ያጠቁራል። መዝሙር ካላችሁ አንድ፣ በድምፅ ብቻ፣ ቀስ ብሎ።

ጎረቤት ከተቆጣ፦ በዚያው ሰዓት አትከራከሩ። ድምፁን ቀንሱ፣ ጨርሱ። ማታ አስተናጋጁና አንዳችሁ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ንገሩት። ብዙ ሰው የሚናደደው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ደረጃ 3፦ ወላጅ ቤት ሂዱ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይከፍለዋል። በስልክ አይሆንም። ሁለታችሁም ሂዱ፣ ቡና ከቀረበ ጠጡ፣ ከዚያ እንዲህ በሉ፦

"እትዬ፣ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ከሩብ እነ እገሌ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። እኔና እህት እገሊት ነን የምንመራው። ገንዘብ አንጠይቅም። አንድ ቀን ከቀረ ወይም ከዘገየ እንደውልልዎታለን። መምጣት ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት። የሚመጡት ጥቂት ናቸው፣ ግን መምጣት እንደሚችሉ ማወቃቸው ያሳርፋቸዋል።

የወላጆቹ እምነት ከእናንተ የተለየ ከሆነና ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ያለ እነሱ ፈቃድ አታስገቡት። "ልጁ ፈልጎ ነው" አይበቃም። ልጅን ከእናቱ ደብቆ መያዝ የእምነት ሥራ አይደለም። በሰፈሩ ላይም ለዓመታት የማይጠፋ ቂም ይተክላል። እምቢ ካሉ ሰላምታችሁን ጠብቁ፣ ልጁን በመንገድ ስታገኙት እንደ ድሮው ሰላም በሉት። በቃ።

ደረጃ 4፦ ስምንት ልጅ፣ ሃያ አይደለም

ስምንት ልጅ ካለ እያንዳንዱ ይናገራል። አሥራ አምስት ከሆነ አራቱ ይናገራሉ፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ከዚያ ይቀራል። ስለዚህ በማስታወቂያ አትጥሩ። በግንባር፣ አንድ በአንድ ጥሩ። መጀመሪያ ሁለት ጓደኛሞች፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ያምጡ።

ስትጠሩ እነዚህን እወቁ፦

ቋንቋ። ከሸገር ከተማ (አዲስ አበባን ከከበበው የኦሮሚያ ከተማ) አዋሳኝ በሆኑ ሰፈሮች ኦሮምኛ ተምረው ያደጉ ልጆች አሉ። አማርኛ ይናገራሉ፣ ግን ንባባቸው በቁቤ (በላቲን ፊደል) ስለሆነ የአማርኛው ፊደል ያንገዳግዳቸዋል። ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ አታስገድዱ። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይኑራችሁ። ከእነሱ አንዱ ያንኑ ክፍል በኦሮምኛ ያንብብላችሁ፤ ቡድኑ ሁለት ጊዜ ይሰማዋል።

የክፍል ደረጃ። የ12ኛ ክፍል ልጅ ከግንቦት በኋላ ከእናንተ ጋር አይኖርም። የብሔራዊ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚፈተን ደግሞ ከቤት ርቆ ይቆያል። ቡድኑ የ12ኛ ክፍል ልጆች ብቻ ከሆነ አብሮ ይሟሟል። ቀላቅሉ።

ሥራ። ትምህርት አቋርጦ ሳይት ላይ ቀን ሥራ የሚሠራ፣ የታክሲ ረዳት የሆነ ልጅ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ላይችል ይችላል። እሱን የምትፈልጉ ከሆነ ሰዓቱን ከእሱ ጋር ቁረጡ። ካልሆነ ጥናቱ የተማሪዎች ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ምንባብና ጥያቄ ማዘጋጀት

ጥናቱ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

1. የማርቆስን ወንጌል ውሰዱ። 16 ምዕራፍ ነው፣ ታሪኩ ይፈጥናል፣ ወጣት አይሰለችም። በራእይ ወይም በዳንኤል አትጀምሩ። ልጆቹ ይጠይቃሉ፤ እናንተም ዓመቱን ሙሉ ስለ አውሬው ቁጥር ስታወሩ ትከርማላችሁ።

2. ስምንት ክፍል ምረጡ። ለምሳሌ፦ 1፥40-45፣ 2፥1-12፣ 4፥35-41፣ 5፥21-43፣ 9፥14-29፣ 10፥17-31፣ 14፥66-72፣ 16፥1-8። ዘጠነኛውን ሳምንት ለልጆቹ ጥያቄ፣ አሥረኛውን ለሥራ ተዉት።

3. ክፍሉን በ1954 ዓ.ም. ትርጉምና በአዲሱ መደበኛ ትርጉም አንብቡት። ልጆቹ ቤት ያለው አብዛኛውን ጊዜ የ1954ቱ ነው፤ አንዳንዱ ቃል ይከብድባቸዋል። ስልክ ላይ የሚያነብ ካለ አስቀድሞ ያውርደው። ዳታ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይጠፋል።

4. አራት ጥያቄ ብቻ ጻፉ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦
 ሀ. ምን ሆነ? (በራሳቸው አፍ ታሪኩን ይናገሩት)
 ለ. የትኛው ላይ ቆማችሁ? ምኑ ገረማችሁ ወይም ምኑ አልተዋጠላችሁም?
 ሐ. ኢየሱስ እዚህ ላይ ምን ዓይነት ሆኖ ታየ?
 መ. ከዛሬ እስከ ቅዳሜ ምን አደርጋለሁ?

አሁን ጥያቄያችሁን ፈትሹ። "እምነት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?" ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙት። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ በኅብረት "ያስፈልጋል!" ይላል፣ አለቀ። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም።

በማርቆስ 4 ላይ ላሳያችሁ። ማዕበል ተነስቷል፣ ኢየሱስ በጀልባው ኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ደቀ መዛሙርቱ አንቅተውት "መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?" ይሉታል። ደካማው ጥያቄ "ከዚህ ምን እንማራለን?" የሚለው ነው። የሚሠራው ጥያቄ ይህ ነው፦ "ይህን ቃል ለእግዚአብሔር ልትሉት ፈልጋችሁ አፋችሁን የያዛችሁበት ጊዜ አለ?" እዚህ ጋ ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ አባቱ ሥራ ያጣበትን ዓመት ያነሳል፤ አንዷ አያቷ የሞቱ ጊዜ የጸለየችውን ትናገራለች። ጥናቱ ተጀመረ ማለት ያን ጊዜ ነው።

5. መልሱን እናንተ ራሳችሁ ሐሙስ ማታ ጻፉ። በእናንተ ሕይወት ያልመለሳችሁትን ልጆቹን አትጠይቁ። "ልጆቹ ምን ሊሉ ይችላሉ?" ብላችሁም ሦስት መልስ ገምቱ።

ደረጃ 6፦ የ75 ደቂቃው ቅደም ተከተል

• 10 ደቂቃ፦ ሰላምታ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ በሻይ። ከዚያ አታስበልጡ። አንዱ ቤት ኬክ ካቀረበ የሚቀጥለው አስተናጋጅ ይሸማቀቃል።
• 5 ደቂቃ፦ "ባለፈው ሳምንት እናደርጋለን ያልነው እንዴት ሆነ?" ያላደረገ አይወቀስ።
• 5 ደቂቃ፦ አጭር ጸሎት፣ ከፈለጋችሁ አንድ መዝሙር።
• 10 ደቂቃ፦ ንባብ። ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ቀስ ብሎ።
• 30 ደቂቃ፦ አራቱ ጥያቄዎች።
• 10 ደቂቃ፦ ጸሎት፣ ሁለት ሁለት ሆነው። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት።
• 5 ደቂቃ፦ የቤት ሥራ፣ የሚቀጥለው ቤት፣ መውጣት።

10፡15 ላይ ጨርሱ። ሞቅ ቢልም ጨርሱ። "ጌታ እየሠራ ነው" ብላችሁ እስከ 12 ሰዓት ብትገፉት ያን ቀን ደስ ይላል፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ግን የወላጅ ስልክ ይጮኻል።

መሪው ከ30ው ደቂቃ ውስጥ ከአሥር በላይ አይናገር። ሌላኛው መሪ ሰዓት ይያዝ፤ ካለፈ ጉሮሮውን ይጥረግ።

ደረጃ 7፦ መሃል ላይ ሲበላሽ

ሁሉም ዝም ካለ። እስከ አሥር ቁጠሩ፣ በሆዳችሁ። ብዙ መሪ ሦስት ላይ ይሸነፍና ራሱ ይመልሳል። ልጆቹም ዝም ካሉ መሪው እንደሚመልስላቸው ይማራሉ። ከአሥር በኋላም ካልተናገሩ "ከጎናችሁ ካለው ጋር ሁለት ደቂቃ አውሩበት" በሉ። ለጓደኛው የነገረውን ለቡድን መድገም ይቀለዋል።

አንዱ ብቻ ካወራ። ብዙ ጊዜ የአገልጋይ ልጅ ነው፣ ጥቅሱን ሁሉ ያውቃል። በሰው ፊት አትቁረጡት። ለብቻው ጠርታችሁ ሥራ ስጡት፦ "ዛሬ ያልተናገረ ሰው ማን እንደሆነ አንተ ተከታተልልኝ።"

ከባድ ጥያቄ ከመጣ። "እግዚአብሔር ካለ እናቴ ለምን ሞተች?" "ሳይንስ መምህራችን እንዲህ አሉ።" "እኔ እኮ ምንም አላምንም።" አትደንግጡ፣ አትገሥጹ፣ ፈጥናችሁም ጥቅስ አትወርውሩ። ማርቆስ 9፥24 ላይ ያለው አባት "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ብሏል፣ ኢየሱስም አላባረረውም። ጥያቄውን ደብተር ላይ ጻፉት፣ ለዘጠነኛው ሳምንት አቆዩት፣ እስከዚያ መጋቢያችሁን ጠይቁ። የማታውቁትን "አላውቅም፣ አጣራለሁ" በሉ። የውሸት መልስ ከሰጣችሁ ልጁ ማታ ስልኩ ላይ ያጣራችኋል።

"ጌታ እንዲህ ይላል" የሚል ከተነሳ። ከእንግዳም ይሁን ከራሳቸው ከልጆቹ፣ ለአንድ ታዳጊ ስለ ትዳር፣ ስለ ውጭ አገር ጉዞ፣ ስለ ፈተና ውጤት ትንቢት እንዲነገር አትፍቀዱ። ልጁ በዚያ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ማጥናት ይተዋል። በትህትና አስቁሙ፣ ነገሩን ወደ ሽማግሌዎች ምሩ።

የታመመ ልጅ ካለ። ጸልዩለት። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድን ልጅ ግን "ተፈውሰሃል፣ አቁም" የሚል ሰው በቡድናችሁ ውስጥ አይኑር። እንዲህ ያለው ምክር ሰው ይገድላል።

ደረጃ 8፦ ምስጢር

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ይህን በግልጽ ተናገሩ፦ "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ማንም ሊጎዳችሁ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁን ልትጎዱ ካሰባችሁ፣ ለብቻችን አንይዘውም። ለማን እንደምንነግር ግን መጀመሪያ ለእናንተ እንነግራችኋለን።"

"ለማንም አልናገርም" ብላችሁ አትማሉ። ትጸጸታላችሁ።

አንድ ልጅ ከባድ ነገር ከነገራችሁ፦

1. ስሙ። አታቋርጡ፣ አትጠራጠሩ፣ "እርግጠኛ ነሽ?" አትበሉ።
2. ሰው በሚያያችሁ ቦታ ሁኑ። በር ተዘግቶ ከአንድ ታዳጊ ጋር ብቻችሁን አትቀመጡ፣ ለጸሎትም ቢሆን።
3. "ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" በሉ።
4. በዚያው ቀን ለሁለተኛው መሪና ለኃላፊው ንገሩ። ጥቃት ከሆነ ነገሩን በሽማግሌ እርቅ ለመጨረስ አትሞክሩ። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አለ፤ የአዲስ አበባ ፖሊስ ስልክ 991 ነው። ጥቃቱን ያደረሰው ከቤት ሰው ከሆነ ለዚያ ሰው አስቀድማችሁ አትንገሩ።
5. ስለ መሞት የሚያወራን ልጅ ብቻውን አትተዉት። የሚያምነውን ዘመድ ጥሩና አብራችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ነው።

ወሬው ከወጣ፦ ከእናንተ ከሆነ የወጣው፣ ለልጁ ለብቻው፣ ሳታስተባብሉ ይቅርታ ጠይቁ። ከሌላ ልጅ ከሆነ በቡድን አትመርምሩ። ያወራውን ልጅ ለብቻ አናግሩት።

ደረጃ 9፦ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ

የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ ግን ሕግ ይኑረው። ሁለቱም መሪዎች አድሚን ይሁኑ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መልእክት የለም። ለታዳጊ በግል፣ በሌሊት አትጻፉ። የልጆቹን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አትለጥፉ፤ ሲጸልዩና ሲያለቅሱ ደግሞ ጭራሽ አትቅረጹ። ለአገልግሎት ሪፖርት ተብሎ የተለጠፈ የልጅ እንባ ትምህርት ቤት መቀለጃ ሲሆን ይታያል።

በሳምንት ሁለት መልእክት ይበቃል፦ ማክሰኞ የቤት ሥራውን ማስታወሻ፣ ዓርብ ቦታና ሰዓት። በየጠዋቱ ጥቅስና አበባ የሚልክ ግሩፕ ድምፁ ይዘጋል።

ልጅ ከቀረ አንድ ጊዜ ዝም በሉ። ሁለተኛ ከቀረ ደውሉ፤ "ለምን ቀረህ?" ሳይሆን "ደህና ነህ?" በሉት። ሦስተኛ ከቀረ ቤቱ ሂዱ። የታክሲ ሒሳብ አጥቶ፣ ታናሽ ወንድሙን ይዞ፣ ወይም ከቡድኑ ልጅ ጋር ተጣልቶ ይሆናል። የታክሲውን ነገር በዝምታ ፍቱለት፣ ሌሎቹ ሳይሰሙ።

ደረጃ 10፦ መሪነቱን አስረክቡ

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ለልጆቹ ሥራ ስጡ። መጀመሪያ ንባብ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ መጠየቅ፣ ከሰባተኛው ሳምንት በኋላ ሠላሳውን ደቂቃ በሙሉ መምራት። ሐሙስ ማታ ከሚመራው ልጅ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጥያቄዎቹን አብራችሁ አዘጋጁ። ሲሳሳት በቡድኑ ፊት አታርሙት። የተሳሳተው ነገር ልጆቹን የሚጎዳ ካልሆነ በስተቀር ለማክሰኞ አቆዩት።

አሥረኛው ሳምንት ላይ አትማሩ፤ ሥሩ። ምን እንደሚሠራ ልጆቹ ይምረጡ። የብሎኩን ደረጃ ማጠብ፣ ውሃ ሲጠፋ ለአቅመ ደካማ አዛውንት ጀሪካን ተሸክሞ ወደ ፎቅ ማውጣት፣ ለ8ኛ ክፍል ተፈታኞች ሒሳብ ማስጠናት። በቡድኑ ስም ገንዘብ አታሰባስቡ። ሳንቲም ከገባ ሒሳብ ያዥ፣ ደረሰኝና ጥርጣሬ ይከተላሉ።

ከዚያ ዕረፍት ስጡ፣ እስከ የካቲት መጀመሪያ። ስምንቱ ከቀጠሉና ሌላ ስምንት መግባት ከፈለገ ቡድኑን አታስፉ፤ ሁለት አድርጉት፣ አዲሱን ከልጆቹ ሁለቱ ይምሩት፣ እናንተ በየተራ ጎብኙ። ሦስት ልጅ ብቻ ከቀረም አትዝጉ። ለሦስት ሰው አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሻዩንና አራቱን ጥያቄ ብቻ ያዙ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አትቀይሩ፣ መምጣት ያቆሙትን አምስቱን ቤታቸው ሄዳችሁ ምን እንዳስቀራቸው ጠይቁ። የሚሉትን ጻፉት። የየካቲቱን ጥናት ስታዘጋጁ በዚያ ጀምሩ።